የቤታችን ተራ

እኔን የቅሬ ዳኛ ያደረገኝ አፌ ነው። መሬቴ ከሰው አይበልጥ፣ የቂርአት ትምህርቴ ከሼህ ጀብሪል ደጅ አይደርስ፤ ግን ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ መሐል ገብቼ፣ አስቄ የማስታርቅ ሰው ነኝ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። በመርሳና በግራና መሐል ባለችው መንደራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበረው በአንድ ቅሬ ነው። የዚያ ቅሬ ዳኛ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ስቆይ "ሙሄዲን አዳላ" ያለኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። በኋላ ያደረግሁትን ስትሰሙ ከየት ላይ እንደወደቅሁ እንድታውቁት ነው።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወልድያን አልፎ፣ መርሳን ይዞ እኛም ዘንድ ደረሰ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ። ከደሴ ወልድያ ይመላለስ የነበረው ሚኒባስ ሁሉ ቀርቶ አስፋልቱ ላይ የታጣቂ መኪና ብቻ ይሄድበት ጀመር። እግር ያለው ጎረምሳ በሌሊት እየተነሳ ወደ ደሴ ነጎደ። የጤና ጣቢያው መድኃኒት ተዘረፈ፤ ሠራተኞቹም ወደየአገራቸው ተበተኑ። የቀረችው አንዲት አዋላጅ ነርስ ብቻ ነበረች። ማህሌት ትባላለች፤ የወልድያ ልጅ ናት። ቀጭን ናት፤ ስትቆጣ ግን ቤት ይጠባታል።

አንድ ቀን የቅሬውን ድንኳን አይጥ እንዳይበላው ሳገላብጥ ዕቃ ቤቱ ድረስ መጣችብኝ። ሰላምታ አላበዛችም።

"ጋሼ፣ የሞተ ለመቅበር መቶ ሰው ታወጣላችሁ" አለችኝ፤ "የታመመ የሚሸከም ግን አራት ሰው አጣሁ። እናት ቤቷ ውስጥ ደም ሲፈሳት ዝም ብላችሁ፣ ስትሞት ነው ድንኳን የምትተክሉት።"

አፍ አለኝ የምል ሰው አፌን ዘጋችኝ። ወልድያ ላይ ጥቂት ሐኪሞች እንዳልወጡ ሰምታ ኖሯል። በእሷ አቅም የማይሆነውን ሕመምተኛ በቃሬዛ፣ አስፋልቱን ትቶ በማሳ ለማሳ ወልድያ የሚያደርስ ስምንት ስምንት ወጣት በየተራ እንድመለምልላት ፈለገች። አራቱ ሲሸከም አራቱ ያርፋል፤ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ማታ ይደርሳል፤ በማግስቱ ይመለሳል። ደሞዝ የለ፣ አበል የለ፣ ስንቁም ከየቤቱ ነው። በሰላሙ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ሲመለመል ቢያንስ ቲሸርትና ምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። አሁን የሚሰጠው መንገዱ ብቻ ነበር።

ቅሬውን ሰበሰብኩ። የዚያን ቀን የተናገርኩትን ሰው እስከ ዛሬ ያነሳዋል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" ብዬ ጀመርኩ። ጎረምሳ ያለው ቤት ሁሉ በተራው አንድ ሰው ያወጣል፤ ጎረምሳ የሌለው ቤት አባወራው ራሱ ይወጣል፤ ከዚህ ነፃ የሚሆን ቤት የለም አልኩ። ስሙን በጎ ፈቃድ አልነው። እኔ ግን በመጨረሻ አንዲት ነገር ጣል አደረግሁ፤ ተራውን እምቢ ያለ ቤት ሞት ሲመጣበት ቅሬው አይወጣለትም። በወሎ ምድር ከዚህ የከፋ ዛቻ የለም። ሬሳህን ብቻህን ቅበረው ማለት ነው። ይህ ከተባለ በኋላ በጎውም ፈቃዱም የት እንደገባ እኔ አላውቅም። ግን ሰው ሁሉ እጁን አወጣ።

የቅሬው ቃሬዛ የሬሳ ስለሆነ በሕይወት ያለ ሰው አይተኛበትም፤ ከተኛበት ሞትን ጠራ ይባላል። ስለዚህ ልጆቹ ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጆንያ አዲስ ሠሩ።

ከሁሉ የከበደኝ የአሚና ቤት ነበር። አሚና ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያላት አንድ ልጅ ዓሪፍ ብቻ ነው። ዓሪፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየጠበቀ ነበር ጦርነቱ የደረሰበት። ደሴ ያልሄደው እናቱን ትቶ መሄድ ስላልቻለ ነው። ልመልምለው ስሄድ እሱ ገና ቃሌን ሳልጨርስ እሺ አለ። እናቱ ግን ነጠላዋን አጣጥፋ ተነስታ ቆመች። አንድ ልጅ ብቻ ያለው ቤት ይተው ብላ ለመነችኝ። እኔም፣ ለአንዱ ከተውኩ ሁሉም ምክንያት ያመጣል፣ ቅሬ አያዳላም አልኳት። እንደ ትልቅ ሰው ነበር የተናገርኩት።

"የአንቱስ ጁነይድ?" አለችኝ።

"ጁነይድ ደሴ ሄዷል" አልኩ። "እኔም እንዳንቺው ልጄ ናፍቆኝ ነው ያለሁት።"

ዋሸሁ። ጁነይድ ደሴ አልሄደም። ጓዳችን ውስጥ፣ ከጎታው ጀርባ ነበር።

ምክንያቴን ልናገር፤ ይቅርታ ለማግኘት ሳይሆን ነገሩ እንዲገባችሁ ነው። ትልቁ ልጄ ሚስባህ ጦርነቱ በጀመረበት ዓመት ግንባር ሄዶ ወሬው ጠፍቶ ነበር። እናቱ ሌሊት ሌሊት ስሙን እየጠራች ትነቃለች። የቀረን ጁነይድ ነው። ታጣቂዎቹ መንደር በገቡ ዕለት ጓዳ አስገብቼ፣ ለጎረቤት ደሴ ሄደ ብዬ አወራሁ። ያን ጊዜ ውሸቱ ማንንም አይጎዳም ነበር። ማህሌት ስትመጣ ግን ጎጂ ሆነ። "ጁነይድ አለ፤ ግን አንዱ ልጄ ጠፍቶብኛልና ይሄኛውን ተዉልኝ" ብል መንደሩ እሺ ይለኝ ነበር፤ አውቀዋለሁ። እንዳልል ደግሞ ማንም ነፃ አይሆንም ያልኩት እኔው ነኝ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። እኔ ለሰው ሕግ፣ ለራሴ ጎታ ቆረስኩ።

አሚና አምናኝ ዓሪፍን በእጁ ይዛ አቀረበችልኝ።

"በአማና፣ በአደራ ሰጥቼዎታለሁ" አለች።

"በአማና ተቀብያለሁ" አልኩ።

ሥራው ጥሩ ሄደ። በመስከረምና በጥቅምት ከአሥር ሰው በላይ ወልድያ ደረሰ። እባብ የነደፈው፣ ወባ ያናወዘው፣ ሁለት ወላዶች። ልጆቹ ሲመለሱ እግራቸው አብጦ፣ ትከሻቸው ተልጦ ነበር፤ ግን ይስቁ ነበር። ዓሪፍማ ተራው ባልሆነበት ቀንም እየገባ ነበር የሚሄደው፤ ማህሌት መርፌ መውጋት አስተምራዋለች፣ ሐኪም ልሆን ነው እያለ ያወራል። የእኛ ቤት ተራ ሲደርስ "ልጄ ደሴ ነው" ያልኩት እኔ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሰዉ ደግሞ በዚህ የበለጠ አከበረኝ። ዳኛችን ራሱ ተሸከመ ተባለ። እኔም ክብሩን ዋጥኩት።

ኅዳር ላይ፣ ሦስተኛ ተራችን ሲደርስ፣ የጎረቤታችን የመልካሙ ሚስት ሸዋዬ ምጥ ላይ ሁለት ቀን አደረች። ማህሌት ሕፃኑ በአግድም ነው፣ እዚህ አይወለድም አለች። ጎሕ ሳይቀድ ልጆቹ ደጃችን ላይ ተሰበሰቡ። ከወርጌሳ በኩል ሌሊቱን ሙሉ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰማ አድሮ ነበር። ፈራሁ። የማይታመን ቢመስልም ያደረግሁት ይህ ነው፤ ከደጃፉ ስወጣ አንድ እግሬን ሳብ አድርጌ አነከስኩ፤ ጉልበቴን ያዝ አደረግሁ። ጉልበቴ ደህና ነበር።

ዓሪፍ አየኝ። የዚያን ቀን ተረኛ አልነበረም፤ ጓደኞቹን ሊሸኝ ነበር የመጣው።

"አብዬ፣ አንቱ ይቅሩ" አለኝ። "እኔ እገባልዎታለሁ። ጁነይድም ቢኖር ለኔ ይገባልኝ ነበር።"

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አንድ ጊዜ አይ አልኩ፤ ሰው ግብዣ ላይ እንደሚግደረደረው ያለ አይ ነበር። ሁለተኛ ሲለኝ "አላህ ይስጥህ" ብዬ መረቅሁት። ቃሬዛውን አነሱ፤ መልካሙ ከኋላቸው የሚስቱን ጋቢ ይዞ ተከተለ፤ ማህሌትም አብራ ሄደች። ከጓዳችን ግድግዳ ማዶ ጁነይድ ሁሉንም ሲሰማ እንደነበር ያን ጊዜ አላሰብኩም።

በማግስቱ ከሰዓት ሰባቱ ተመለሱ። ቃሬዛው ባዶ አልነበረም። ሸዋዬን ወልድያ አድርሰው፣ እሷንም የወለደቻትን ሴት ልጅም በሕይወት ከመልካሙና ከማህሌት ጋር ትተው፣ ደስ ብሏቸው እየተመለሱ ሳለ ነው ከአንድ ጉብታ ላይ የተተኮሰው። አንዲት ጥይት ናት። ከየትኛው ወገን እንደመጣች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ዓሪፍ ፊት ፊት እየሄደ ነበር።

ጡሩምባ አልተነፋም፤ ያን ጊዜ መንፋት ፈርተን ትተነው ነበር። ሰው ግን በጆሮ በጆሮ ተቀባብሎ ሰምቶ ወጣ። አሚና ፊቱን ገልጣ አየችው፤ በነጠላዋ ጫፍ አፉ ላይ የነበረውን አፈር ጠረገችለት፤ ከዚያ ሴቶቹ ደግፈው አስገቧት። እኔ ቅሬ ዳኛው ነኝ፤ መቃብር የሚቆፍር፣ ውሃ የሚቀዳ፣ መገነዣ ከፈን የሚፈልግ እየመደብኩ እስኪመሽ ሮጥኩ። ጉልበቴን ማንም ልብ አላለም።

ቀብሩ በነጋታው ጠዋት ሆነ። መቃብሩን የቆፈሩት እነተፈራ ናቸው፤ ክርስቲያኑ የእኛን፣ እኛ የክርስቲያኑን መቆፈር የአባቶቻችን ወግ ነው። በሬሳው ላይ የጀናዛ ሶላት ተሰገደ። ከዚያ ሼህ ጀብሪል፣ ሬሳው ሳይገባ እንደሚደረገው፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው ጠየቁ። በዚህ ልጅ ላይ ሐቅ ያለው፣ ያበደረውም የተቀየመውም ካለ ይናገር፤ ከሌለም አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት አሉ። ይህ የሁልጊዜ ጥያቄ ነው። ሰዉም እንደ ሁልጊዜው "አውፍ ብለናል" ሊል አፉን ከፈተ።

እኔ መቶ ቀብር ላይ ይህን ጥያቄ ሰምቼ መልሻለሁ። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ላይ ተገልብጦ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ልጅ የማንን ሐቅ በላ? ማን ነው የእሱን የበላው? እግሬ ራሱ ይዞኝ ወደ ፊት ወጣ።

"ሐቅ ያለው እሱ ነው" አልኩ። "እኔ ላይ።"

ነገርኳቸው። ያ ተራ የዓሪፍ ሳይሆን የእኔ ቤት ተራ እንደነበረ፤ ጉልበቴ እንዳልታመመ፤ ጁነይድ ደሴ እንዳልሄደ፤ ሦስት ወር ሙሉ የሰው ልጅ ስመለምል የእኔው ከጎታ ጀርባ እንደነበረ። አፌ ያን ቀን ምንም አላሳመረም። ስጨርስ ተፈራ አካፋውን መሬት ላይ አስቀምጦ ጀርባውን ሰጠኝ። የእሱም ልጅ ከስምንቱ አንዱ ነበር። አንድ ሰው ከኋላ "ኧረ በአላህ" አለ። ሼህ ጀብሪል ወደ እኔ ዞሩ።

"ሟች አውፍ አይልም፣ ሙሄዲን" አሉኝ። "ሐቁ ወደ እናቱ ሄዷል። እናቱ ዘንድ ሂድ።"

በእኛ ዘንድ ሴት መቃብር አትወጣም፤ ስለዚህ አሚና አልሰማችም ነበር። ሰው ሳይቀድመኝ ብዬ ከመቃብሩ በቀጥታ ሄድኩ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ፤ የሚያጽናና መስሏቸዋል። ፊቷ ተንበርክኬ ሁሉንም ደገምኩላት። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ዓሪፍ ደጃችሁ የመጣ ዕለት፣ ጁነይድ ቤት ነበር?"

"ነበር።"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። "ሂዱ" አለችኝ። "ዛሬ አፌ አውፍ አይልም።"

ቤቴ ስደርስ ጁነይድ በፀሐይ ብርሃን ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ከነሐሴ ወዲህ ቀን ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ፊቱ ጥላ ውስጥ እንደበቀለ ተክል ነጥቷል። "የዓሪፍን ድምፅ ሰምቼዋለሁ፣ ወጥቼ አለሁ ማለት ነበረብኝ" አለ። "ከዚህ በኋላ የቤታችን ተራ የእኔ ነው" አለ። እናቱ እግሩ ላይ ወደቀች። እኔ ግን ምን ልበል? አፉ የሞላለት ሙሄዲን ልጁን አትሂድ ለማለት የሚሆን አንዲት ቃል አጣ። ዳኝነቱን በዚያው ሳምንት ለቀቅሁ። ማንም ቆይ አላለኝም።

ቃሬዛው ይቀራል ብዬ ነበር። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን አስቀሩ፤ ማንም አልፈረደባቸውም፤ ያ የቀብር ዛቻዬም ያን ጊዜ ተሻረ። የቀሩት ግን ቀጠሉ። አሁን የሚወጣው ወዶ የሚወጣ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ወልዴ የሚባሉ የደጋ ሽማግሌ ሆዳቸው ተነፍቶ መጡ፤ ጁነይድም ከሌሎቹ ጋር ጎሕ ሲቀድ አንስቷቸው ወጣ።

ያን ቀንና ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልናገርም። በማግስቱ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት ጀምሮ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ መንገዱን ሳይ አሚና መጣች። ከሐዘን ቤቷ ወጥታ አታውቅም ነበር። አልፋኝ ሄዳ ባለቤቴ አጠገብ፣ ግንቡ ሥር ተቀመጠች። ባለቤቴ ውሃ ሰጠቻት፤ ጠጣች። ዓይኗን እሷም መንገዱ ላይ አደረገች። ለምን እንደመጣች አልገባኝም። ልትረግመኝ መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ልጄ ሳይመለስ ሲቀር ልታይ የመጣች መስሎኝ ክፉ ክፉ አሰብኩ። ሰው በራሱ ልክ ነው የሚያስበው።

የአሱር ሶላት ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ። ከወልድያ በኩል ተኩስ ሲሰማ ሦስታችንም እኩል ደነገጥን። ባለቤቴ ማልቀስ ስትጀምር አሚና እጇን ያዘቻት፤ አልለቀቀቻትም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህቺ ሴት ልጇ በወጣ ቁጥር እንዲህ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ በደጇ ሳልፍ "አይዞሽ፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ" እያልኩ ሰላም ብያታለሁ። የሠራሁት ግፍ መጠኑ የታየኝ ያኔ ነው። ቀብሩ ላይ ስናገር እንኳ እንዲህ አልታየኝም ነበር።

ፀሐይ ገብታ መግሪብ ሊሆን ሲል ከማሳው ጥግ ብቅ አሉ። ቆጠርኳቸው፤ ስምንት ናቸው። ቃሬዛው ተጠቅልሎ በአንዱ ትከሻ ላይ ነው። ጁነይድ ደጃችን ደርሶ አሚናን ሲያይ እዚያው ቆመ፤ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቃተው። እሷ ተነሳች። ሄዳ ፊቱ ቆመች። የሸሚዙን አንገት ገለጥ አድርጋ ትከሻውን አየችው፤ ቆዳው ተልጦ ደም ቋጥሯል።

"ትከሻውን በቅቤ እሹት" አለች ለባለቤቴ። "የሚብሰው ነገ ነው። የዓሪፍም እንዲሁ ነበር።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አውፍ ብያለሁ" አለች። "ለአንቱ ብዬ አይደለም። ዓሪፌ እዚያ ዓለም ሆኖ ሐቄን ያዙልኝ ብሎ የሚጠብቅ ልጅ አይደለም።"

አመሰግናለሁ ሳልላት ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ባለቤቴ ጁነይድን አቅፋ ወደ ውስጥ አስገባችው፤ ቅቤ ስታቀልጥ ይሰማኛል። እኔ ግን ደጃፉ ላይ ቀርቼ አሚናን በዓይኔ ሸኘሁ። ቤቷ ደርሳ በሩን ከፈተች፤ ገብታም ዘጋችው። ወደ መንገዱ ዞር ብላ አላየችም። ከእንግዲህ የምትጠብቀው ሰው አልነበራትም።